የአስም መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወሰድ?

አስም ያለበትን ሰው መቼ እንደሚብስበት ጠይቁት። ብዙው «ሌሊት» ይላችኋል። አጥርቶ የሚናገርም አለ፤ ዶሮ ሲጮህ፣ ሊነጋጋ ሲል። ደረቱ ጭብጥ ይላል፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፣ ሳሉ አላስተኛ ይለዋል። ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ትራሱ ሥር ያለችውን ፓፍ በዳበሳ ይፈልጋል። ይኸው ሰው በነጋታው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደህና ነው። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ብዙም የሚያሳስብ ነገር አያገኝም።

ታማሚው አላጋነነም፣ ሐኪሙም አልተሳሳተም። የተገናኙት ሳንባው በተሻለበት ሰዓት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ራሱ አስም ነበረበት። በ1698 ስለ በሽታው ሲጽፍ ጥቃቱ የሚመጣው ሌሊት፣ ከእንቅልፍ በኋላ መሆኑን አስፍሯል። በ1988 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ 7,729 የአስም ሕሙማን ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ በሳምንት አንድ ሌሊት አስሙ ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅሳቸው ተናገሩ። አሁን መነጋገሪያ የሆነው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ በሽታው የራሱ ሰዓት ካለው፣ መድኃኒቱስ?

(ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር። እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በሐበሻ ናቸው። ውጭ ያላችሁ ስልካችሁ ላይ ከሰዓት በኋላ 3 የሚለው እዚህ 9 ሰዓት ነው። የመድኃኒት ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት መሳት ቀልድ አይደለም።)

ሌሊት ሳንባ ውስጥ ምን ይሆናል?

አእምሯችን ውስጥ፣ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ እጢ መሰል ክፍል አለ። በዓይን በኩል በሚገባው ብርሃን እየተመራ የሰውነትን ሰዓት ይይዛል። ጉበት፣ ልብ፣ ቆዳ፣ የሳንባ ቧንቧም ጭምር የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ያኛው ዋናው ያስተካክላቸዋል። የዚህን ሰዓት አሠራር በዝንብ ላይ ያወቁት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሰዓቱ ሳንባን በብዙ በኩል ይነካል። ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን እንውሰድ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው የቁጣ ማብረጃ ማለት ነው፤ ቁጣ ስል ብግነትን፣ የቧንቧውን መቆጣትና ማበጥ ማለቴ ነው። ጠዋት ስንነሳ ከፍ ይላል፣ ቀኑን እየቀነሰ ይሄዳል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ በጣም ዝቅ ይላል። የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው አድሬናሊንም ሌሊት ይወርዳል። በተቃራኒው ቧንቧውን የሚያጠበው ነርቭ ሌሊት ይበረታል። አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ ቧንቧውን የሚያስቆጡት ኢዮሲኖፊል የተባሉ የደም ሕዋሳትም ሌሊት ይበዛሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ሁሉ ተደማምሮ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ አይሰማውም። አስም ያለበት ሰው ግን ቧንቧው ቀድሞም የተቆጣ ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ሲጠብ ትንፋሽ ይቸገራል።

ሳንባ በጣም የሚሻለው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። በጣም የሚከፋው ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ። በእኛ ሰዓት ሁለቱም 10 መሆናቸው ለማስታወስ ይመቻል።

«ሌሊት የሚብሰው እኮ ስለተኛን ነው፣ ብርዱ ነው፣ የፍራሹ አቧራ ነው» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ እነሱም አሉበት። ጋደም ሲሉ ሳንባ ይጫናል፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። አልጋና ትራስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት አሉ። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ የሚያውቀው ያውቀዋል። ታዲያ የሰውነቱ ሰዓት ድርሻ ስንት ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ ቀላል አልነበረም።

በ2021 ውጤቱ የወጣው የቦስተኑ ፍራንክ ሺርና የኦሪገኑ ስቲቨን ሼይ ጥናት ይህንን ነው የለየው። አሠራሩ ደስ ስለሚል ትንሽ ልቆይበት። አስም ያለባቸው 17 ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ 38 ሰዓት ሳይተኙ፣ በአንድ አቀማመጥ ጋደም ብለው፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ዓይነት ትንሽ ምግብ እየበሉ ቆዩ። እንቅልፍ የለም፣ ቀንና ሌሊት የለም፣ የሚለወጠው የውስጥ ሰዓታቸው ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ሳምንት የ«ቀን» ርዝመታቸው 28 ሰዓት ተደረገ። የሰውነት ሰዓት እንዲህ ያለ ረጅም ቀን መከተል አይችልም፤ በራሱ ወደ 24 ሰዓት በሚጠጋ ዙር ይቀጥላል። ስለዚህ ሰዎቹ አንዳንዴ በሰውነታቸው ሌሊት ነቅተው፣ አንዳንዴ በሰውነታቸው ቀን ተኝተው ተገኙ። እንቅልፍና ሰዓት ተለያዩ ማለት ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ሰውየው ተኛም አልተኛም፣ ሳንባው በውስጥ ሰዓቱ ሌሊት 10 ላይ ወረደ። እንቅልፍ ደግሞ የራሱን ጨመረበት። አስማቸው የከፋባቸው ሰዎች ሌሊት የሚወርዱትም ይበልጥ ነበር። ማስታገሻ ፓፍ የፈለጉትም በሰውነታቸው ሌሊት ከቀኑ አራት እጥፍ ነው። ብርድና አቧራ ባይኖር እንኳ አስሙ ሌሊቱን ያውቀዋል።

የ9 ሰዓቱ ፓፍ

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። በ1990ዎቹ ዴንቨር ውስጥ የሪቻርድ ማርቲን ቡድን ሞክሮት ነበር። ፕሬድኒሶን የተባለውን የስቴሮይድ (እንደ ኮርቲሶል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ኪኒን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት እየሰጡ አወዳደሩ። ሌሊቱን የተሻለ ያደረገው የ9 ሰዓቱ ነው። ቀጥሎ በሚሳብ ስቴሮይድ ሞከሩ። በቀን አራት ጊዜ ተከፋፍሎ የሚወሰደውን መጠን 9 ሰዓት ላይ አንዴ መውሰድ ከአራት ጊዜው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ነገሩ ለዓመታት ተረሳ ማለት ይቻላል።

በ2025 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ሃና ዱሪንግተንና ባልደረቦቿ መልሰው አነሱት። ቀላልና መካከለኛ አለርጂያዊ አስም ያለባቸው 25 አዋቂዎች ገቡ፣ 21ዱ እስከ መጨረሻው ቆዩ። መድኃኒቱ ቤክሎሜታዞን ነው፤ እኛም አገር የሚታወቀው መከላከያ ፓፍ። በቀን የሚወሰደው መጠን ለሁሉም 400 ማይክሮግራም ነበር። የተለየው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት አንዴ፣ ወይም ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት አንዴ፣ ወይም ደግሞ እንደተለመደው ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ። እያንዳንዱ ሰው ሦስቱንም ለ28 ቀን፣ በመሃል ሁለት ሳምንት እያረፈ ሞከረ። ራሱ ከራሱ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ይህ አሠራር ጥናቱን ያጠነክረዋል። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያና መጨረሻ ላይም 24 ሰዓት ሙሉ በየስድስት ሰዓቱ ተለኩ፤ ሌሊት 10 ሰዓትም ጭምር።

የከሰዓቱ መጠን አሸነፈ። ማታ 4 ሰዓት ላይ በአንድ ሰከንድ ተንፍሰው የሚያወጡት አየር ከመነሻው በ160 ሚሊ ሊትር ያህል ጨመረ። ሌሊት ደም ውስጥ የሚገኘው ኢዮሲኖፊልም ይበልጥ ተገታ። መድኃኒቱ ያው፣ ዋጋው ያው፣ መጠኑ ያው።

ምክንያቱ ለማሰብ አይከብድም። የሚሳብ ስቴሮይድ እንደ ማስታገሻው ፓፍ፣ እንደ ሳልቡታሞል፣ በደቂቃዎች ቧንቧ አይከፍትም። ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ቁጣውን ለማብረድ ሰዓታት ይፈልጋል። 9 ሰዓት ላይ ከተወሰደ ሥራው የሚበረታው የሌሊቱ ቁጣ መነሳት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ክረምት ሳይገባ ቦይ እንደመቅደድ ነው።

ዜናው ሲሰራጭ ግን «ፓፋችሁን ከሰዓት ውሰዱ» ወደሚል አጭር ምክር ተለወጠ። እዚህ ላይ እኔ ፍሬን እይዛለሁ።

21 ሰው ማለት 21 ሰው ነው። ከባድ አስም ያለባቸው የሉበትም። ልጆች የሉበትም። አለርጂ የሌለበት አስም የለበትም። እያንዳንዱ ዙር አራት ሳምንት ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ የሚለውን አልመለሰም፣ ሊመልስም አይችልም። ሰዎቹ ደግሞ የጥናት ተሳታፊ ናቸው፣ ሰዓታቸውን ያከብራሉ። አንተ 9 ሰዓት ላይ የት ነህ? ታክሲ ሰልፍ ላይ? ስብሰባ? ገበያ? መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ጠዋት ጥርስ ሲፋቅ የለመደውን ሰው «ወደ 9 ሰዓት አዙረው» ብለነው በሳምንት ሦስቴ ቢረሳ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

የደም ግፊት መድኃኒት ታሪክም ያስጠነቅቀናል። በ2019 ስፔን ውስጥ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት መድኃኒቱን ማታ መውሰድ የልብና የስትሮክ አደጋን በግማሽ ያህል ይቀንሳል አለ። ዓለም ተንጫጫ። ስንቱ ታማሚ ሰዓቱን ቀየረ። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ 21,104 ሰዎች ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለው ሲታዩ ልዩነት የለም፤ ጠዋትም ማታም ያው ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሁለቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። የማንቸስተሩ ከእነሱ አንድ ሺኛውን ያክላል።

ይሁን እንጂ የአስሙ ነገር ከግፊቱ የሚለይበት ምክንያት አለ ባይ ነኝ። የአስም ምልክት ራሱ ሌሊት ላይ ያተኩራል፣ የሰውነቱ ሰዓት ድርሻም በላቦራቶሪ ተለይቶ ታይቷል። የዴንቨሩና የማንቸስተሩ ውጤት በሠላሳ ዓመት ርቀት ተመሳሳይ ሰዓት ላይ መገጣጠሙም ይገርማል። ተስፋ አለው። መመሪያ ለመሆን ግን ገና ነው።

ከሰዓቱ በፊት፦ መከላከያው አለ ወይ?

ለእኛ አገር ታማሚ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል። ብዙው ሰው እጁ ላይ ያለችው ሰማያዊዋ ብቻ ናት፤ ሳልቡታሞል። ርካሽ ናት፣ ወዲያው ታስተነፍሳለች፣ ስለዚህ ትወደዳለች። የታችኛውን ቁጣ ግን አትነካውም። ቡኒዋ፣ ቤክሎሜታዞኗ፣ «ወዲያው አይሰማኝም» ተብላ መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች። «ስቴሮይድ ነው፣ ያፋፋል፣ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም አለ። በኪኒን ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ስቴሮይድ በርግጥ ጣጣ አለው። በፓፍ የሚሳበው ግን በማይክሮግራም የሚለካ ነው፣ አብዛኛው ሥራውም እዚያው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ሱስም አያስይዝም። አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት የድምፅ መጎርነንንና የአፍ ፈንገስን ይቀንሳል።

ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ በ2019 አቋሙን ለውጦ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ መከረ። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን የገለበጠ ውሳኔ ነው። ምክንያቱም ሳልቡታሞል ብቻ የሚወስድ ሰው የተሻለው እየመሰለው ለከባድ ጥቃት ይጋለጣል። ስለዚህ ጥያቄው በቅደም ተከተል ቢጠየቅ ጥሩ ነው። መከላከያ ታዞልሃል? በየቀኑ ትወስዳለህ? አሳሳቡስ ልክ ነው? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነና ሌሊቱ አሁንም ካላስተኛህ፣ ያኔ «ዶክተር፣ ሰዓቱን ብንቀይረውስ?» ማለት ይቻላል።

አሳሳቡን ሳነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፓፉን ጫን አድርጎ ቀጥታ ወደ ጉሮሮ የሚነፋ ሰው አብዛኛውን መድኃኒት ይውጠዋል። ስፔሰር የሚባለው፣ በፓፉና በአፍ መሃል የሚገባው ፕላስቲክ ይህን ያስተካክላል። ገንዘብ ወይም አቅርቦት ከሌለ ደግሞ መፍትሔ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ በ1999 ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። ታጥቦ የተዘጋጀ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ከታሸገ፣ በሱቅ ከሚሸጠው ስፔሰር እኩል ሠርቷል። የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሚጨነቅ ልጅ ይህ ከሰዓት ምርጫ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

9 ሰዓት ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሰዓት አይደለም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ብዙ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቶ ነው እህል የሚቀመሰው። አንዳንዱ ጧት የሚወስደውን መድኃኒትም አብሮ ያቆያል፤ ሐኪሙ ግን አያውቅም። በረመዳንም እንዲሁ ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይገፋል። ፓፍ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ላይ የሃይማኖት ሊቃውንት አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም፤ የየራሳችሁን አባት ወይም ኡስታዝ ጠይቁ። ለሐኪሙ ግን ጾሙ ሳይገባ ሂዱና እቅጩን ንገሩት። በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን በአንዴ የሚወሰድ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ማስታገሻው ግን ሰዓት የለውም፣ ትንፋሽ ሲያጥር ይወሰዳል።

ሐኪሙ የማያየውን ሌሊት ማሳየት

አስሙ በደንብ በቁጥጥር ሥር ነው ወይ ለማለት መመሪያዎቹ ከሚጠይቁት አንዱ ሌሊት ትነቃለህ ወይ የሚል ነው። ባለፉት አራት ሳምንታት በአስም ምክንያት ከእንቅልፍ ከነቃህ ቁጥጥሩ ሙሉ አይደለም። ይህን ሳይጠየቁ መናገር ያስፈልጋል። «ሌሊት ያመኛል» ከማለት «በሳምንት ሦስት ቀን፣ 9 ተኩል አካባቢ እነቃለሁ፣ ሁለት ፓፍ ወስጄ ነው የምተኛው» ማለት ሌላ ነው።

ፒክ ፍሎ ሜትር የምትባለውን፣ የትንፋሽ ፍጥነት የምትለካውን የፕላስቲክ ቱቦ ማግኘት ከተቻለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ጠዋት እንደተነሱ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ከዚያም ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ በኃይል እፍ ብሎ ትልቁን ቁጥር መጻፍ ነው። ለምሳሌ ጠዋት 340፣ ማታ 420 መጣ እንበል። ልዩነቱ 80፣ አማካዩ 380፤ 21 በመቶ ማለት ነው። የሁለት ሳምንት አማካይ በአዋቂ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ሳንባው በቀንና በሌሊት መሃል ከመጠን በላይ ይዋዥቃል። ደረት ማዳመጫ ይህን አያሳይም።

በራስ ሥልጣን ሰዓታቸው የማይነካ መድኃኒቶች አሉ። የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ብዙ ጊዜ ጠዋት የሚታዘዘው ከሰውነቱ ኮርቲሶል ጋር እንዲሄድና እንቅልፍ እንዳይነሳ ነው። የዴንቨሩን ጥናት አንብባችሁ ወደ 9 ሰዓት እንዳታዞሩት። ሞንቴሉካስት የተባለው መድኃኒት ለአስም ማታ እንዲወሰድ ይመከራል። እሱ ግን ቅዠት፣ ድብርት፣ የባሕርይ ለውጥ ሊያመጣ ስለሚችል የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስፍሮበታል። የልጃችሁ እንቅልፍ ከተበላሸ ሁሉንም በአስሙ አታሳብቡ።

ያልተነካው ጥያቄ የሌሊት ሠራተኛው ነው። እስካሁን ያወራነው ሁሉ ሌሊት የሚተኛ ሰውን ታሳቢ ያደረገ ነው። የዘበኛውስ? የሌሊት ተረኛዋ ነርስስ? ዋሽንግተን አካባቢ ሌሊቱን አረጋውያን ሲያስታምም አድሮ ጠዋት የሚተኛው ወገናችንስ? ከ280,000 በላይ ብሪታንያውያን መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሁልጊዜ ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች መካከለኛ ወይም ከባድ አስም የመያዝ ዕድላቸው በቀን ከሚሠሩት በ36 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የእነዚህ ሰዎች የውስጥ ሰዓት ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም፤ በዕረፍት ቀናቸው ከቤተሰብ ጋር ቀን ሲውሉ ደግሞ ይመለሳል። «9 ሰዓት» ለእነሱ ከእንቅልፍ መሃል ሊሆን ይችላል። የማንቸስተሩን ሰዓት ለእነሱ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ሐኪም ጋ ሲሄዱ መጀመሪያ መናገር ያለባቸው መቼ ሠርተው መቼ እንደሚተኙ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚሞላ ቦታ ባይኖረውም።